ክንፋቸው የተቀነጠበ መቶ ዓሦች

መስከረም 9

ለምወድዎ ጋሼ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጉልበትዎ ከሕመሙ፣ ልብዎ ከሐሳቡ ጥቂት አርፎ ያግኝዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ በላይ ያለችው ክፍሌም እንደ ድሮዋ ናት፤ ማሽኖቹ ሲዞሩ ወለሏ ይንቀጠቀጣል፣ ሲቆሙ ደግሞ እኔ ራሴ የምንቀጠቀጥ ይመስለኛል። ስልክ አልደወልኩም ብለው እንዳይቀየሙኝ። ባለፈው ስደውል የአውቶብስ ሞተር የጨረሰው ጆሮዎ አልሰማ ብሎ ሩብ ሰዓት ሙሉ «ማነው? ማነው?» ሲሉኝ ዋሉ። ስለዚህ እንደ ልማዳችን በወረቀት ይሁን።

የመጣሁበትን ልናገር። ከኩሬው ጎን ያለው ብሎኬት አምራች ጽፎልኛል። ኩሬውን ገዝቶ፣ በአፈር ሞልቶ፣ ብሎኬት ማድረቂያ ሊያደርገው ይፈልጋል። እስከ ጥር መጨረሻ ቁርጡን ንገሪኝ ይላል። እናቴ ኩሬውን ስታወርሰኝ ያለችውን እርስዎም ከአልጋዋ አጠገብ ቆመው ሰምተዋል፦ «ዓሣ እስካለበት ድረስ እንዳትሸጪው።» ቃሏን አላፈርስም። ግን ዓሣ አለበት ወይ? ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሺህ አምስት መቶ የዓሣ ጫጩት ጨምራበት ነበር። አምራቹ «የቀረው ውሃና እንቁራሪት ነው» ይላል። እርስዎ ደግሞ «ሞልቷል» ይሉኛል። ሁለታችሁም ግን አልቆጠራችሁም።

የእኔ ሥራ እንደሚያውቁት ዓሣ መቁጠር ነው። እኛ መሥሪያ ቤት አዲስ ለሚገባ ሁሉ መጀመሪያ የምንነግረው ይህን ነው፦ በአንድ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ቁጥሩ የሚለወጠው በአራት በር ብቻ ነው። በመወለድ ይጨምራል፣ በመሞት ይቀንሳል፣ ከሌላ ቦታ በመግባት ይጨምራል፣ ወደ ሌላ ቦታ በመውጣት ይቀንሳል። አምስተኛ በር የለም። የእኛ ኩሬ ድሮ ለጡብ ሸክላ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ወንዝ አይገባበትም፣ አይወጣበትም። ስለዚህ ሦስተኛው በር ዝግ ነው፤ አራተኛውም ዝግ መሆን አለበት። ደግሞ ማንኛውም ውሃ የሚሸከመው ልክ አለው። ምግቡና አየሩ እስከበቃ ይበዛሉ፤ ሲያልፉ ይቀጭጫሉ፣ ይሞታሉ። የእኛ ኩሬ በስፋቱ ሁለት ሺህ ያህል መያዝ ይችላል።

ውሃውን ሳናፈስ ለመቁጠር እንዲህ ያድርጉልኝ። መቶ ዓሣ በመረብ ያውጡ። የእያንዳንዱን የጭራ ክንፍ ጫፍ በጥፍር መቁረጫ ቀንጠብ አድርገው መልሰው ይልቀቁ፤ ብዙ አያማቸውም። ሦስት ሳምንት ይጠብቁ። ከዚያ እንደገና ስልሳ ያውጡና፣ ከስልሳው ስንቱ ክንፈ ቁራጭ እንደሆነ ይጻፉልኝ። የቀረውን ሂሳብ ለእኔ ይተዉት። ለጉልበትዎ እንዳይከብድ በሚቀልዎት በኩል ያጥምዱ፤ ወደ ጥልቁ አይውረዱ።

የምትወድዎት የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 4

ለሚጢጢ፣ ለዓሣ ሕዝብ ቆጠራ ዋና ሹም፣

ሰላምታዬ ከራስ ጠጉርሽ እስከ ጫማሽ ያዳርስሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ስለወጣ ስለ እሱ መልስ ልሰጥሽ አልችልም።

አራቱ በሮች ገብተውኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶብስ ስነዳ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ተወልዶብኛል፣ አንድ ሰው ሞቶብኛል፤ የቀረው ሁሉ በበር የገባና በበር የወረደ ነው። የሚሸከመው ልክ ያልሽውም ገብቶኛል። ስልሳ ወንበር ላይ መቶ ሰው የጫነ ሹፌር መጀመሪያ የሚያገኘው ጠብ ነው፣ ቀጥሎ ትውከት፣ መጨረሻ ላይ ጎማ። ይህን ለማወቅ ባሕር መሻገር አያስፈልግም ነበር፣ አትቀየሚኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። እህቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። እስከዛሬ «ዓሣው እንዴት ነው?» ትይኛለሽ፣ «ደህና ነው» እልሻለሁ፣ እሱ ይበቃሽ ነበር። ዘንድሮ ቁጥር ለምን አስፈለገ? «የቀረውን ሂሳብ ለእኔ ይተዉት» ያልሽውንም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተሳፍሮ የሚወርድበትን የማይናገር መንገደኛ እኔ አልወድም፤ ወይ ገንዘብ የለውም፣ ወይ ነገር ይዟል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሽማግሌ ነኝና ልጠርጥር።

የታዘዝኩትን ግን አድርጌአለሁ። ከዘበኛ ክፍሌ ፊት ለፊት፣ ውሃው ጉልበት በማይሞላበት ዳር፣ ያቺ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች አይደል? እናትሽ ልብስ ታጥብባት የነበረችው። እሷ ላይ ተቀምጬ በአራት ቀን መቶ ዓሣ ቀነጠብኩ። መጀመሪያ ትኬት የምቆርጥ መስሎኝ ሳቅኩ። ሃምሳ ላይ ስደርስ ሳቁ ቀረ። አንዷ ስይዛት አፏን እንደ ሕፃን ከፍታ አየችኝ። አሳዘኑኝ፣ እውነቴን ነው። ምንም ሳያጠፋ ምልክት ያደረግኩበት ፍጡር እስከዛሬ በሕይወቴ አልነበረም።

ብሎኬት አምራቹ ደግሞ ሰሞኑን ሰላምታ አብዝቷል። «እንዴት አደሩ አባት» ሲለኝ ዓይኑ ኩሬው ላይ ነው። የሚጽፍልሽን ሁሉ እንደ ወንጌል አትቁጠሪው።

አጎትሽ ሹፌሩ


ጥቅምት 28

ለምወድዎ ጋሼ፣

ቀንዎ በሰላም ይዋል፣ ጉልበትዎም ከጡረታው ይመለስ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፣ ገንዳዎቹ መካከል ቆሜ። ስለ ትውከቱ ያሉትን ለባልደረቦቼ ነግሬ ብዙ ሳቅን። ከዛሬ ጀምሮ ለአዲሶቹ ሠራተኞች የሚሸከመውን ልክ የማስረዳው በእርስዎ አውቶብስ ነው።

ቁጥር ለምን እንደፈለግኩ ጠይቀውኛል። የእናቴን ቃል ለመጠበቅ ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ስልሳውን ሲያወጡ ግን ጎረቤትዎ ልብስ ሰፊዋ አብራ ብትቆም ደስ ይለኛል። እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፤ እኛም ስንቆጥር ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው የሚቆመው።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ልንገርዎ። አንድ ሰው ጽፎልኛል፣ ማን እንደሆነ ይቅር። «ሽማግሌው ማለዳ ማለዳ የተሸፈነ ባልዲ ይዘው ከኩሬው ሲመለሱ አያለሁ፤ ባልዲው ውሃ ያንጠባጥባል» ይላል። እኔ ከቁም ነገር አልጣፍኩትም። ግን ነገ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ መልስ እንዲኖረኝ ብዬ ነው። ከኩሬው ዓሣ የሚያወጣ ሰው አለ ወይ?

በዚህ ሳምንት እዚህ ብርዱ በርትቷል። ካፖርት ላይ ካፖርት ደርቤ ነው የምጽፍልዎ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 22

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ካንቺ አይራቅ። መልሴ የዘገየው ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ አይደለም፣ አልዋሽሽም። ደብዳቤሽን አንብቤ ዐሥር ቀን ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። ተናድጄ የጻፍኩት ወረቀት እንዳይደርስሽ ነው። ሁለት ጽፌ ቀድጃለሁ።

መጀመሪያ የምሥራቹን። ልብስ ሰፊዋ ከነሜትሯ ከነጠመኔዋ መጥታ ቆመችልኝ። «የዓሣ ልብስ ልለካ ነው እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች። ስልሳ አወጣን። ከስልሳው ስንቱ ክንፈ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ መሰለሽ? ሃያ አራት! ሦስት ጊዜ ቆጠርናቸው። የመቶው ሩብ በአንድ ቀን መረብ! ያ ሁሉ መቀንጠብ ጎድቷቸው ይሆን ብዬ ስሰጋ ነበር፤ ለካ ደህና ናቸው፣ እንዲያውም ወፍረዋል። ልጁ ፈተና አልፎ የመጣለት አባት ነው የመሰልኩት። ሂሳቡን ለራሴ ነው ብለሻልና ደስታው እንኳ ለእኔ ይሁን።

አሁን ስለ ባልዲው። መልስ የለኝም። ባልዲ የያዘ ሰው ሁሉ ሌባ ከሆነ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ትታሰር። ይልቅ እኔ ልጠይቅሽ። የሚጽፍልሽ ሰው ማነው? ለምን ስሙን ደበቅሽው? ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ወጣቶች ሜትር ይዘው መጥተው ኩሬውን በአራቱም ማዕዘን ለኩት። «ማን ላካችሁ?» ብላቸው አንደኛው «ባለቤቷ ታውቃለች» አለኝ። ባለቤቷ አንቺ ነሽ። ታውቂያለሽ?

እኔ ዘጠኝ ዓመት ነው በዚህች ዘበኛ ክፍል የኖርኩት። አልጋዬ፣ ምድጃዬ፣ የአውቶብሴ መሪ ግድግዳው ላይ። ከዚህ የምነሳ ከሆነ ከአንቺ አፍ ልስማው፣ ከሜትር አይደለም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዲሉ እንዳይሆንብኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 17

ለአጎቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል። እኔ ደህና ነኝ።

ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ እነሆ ላስረዳዎት። ከስልሳው ሃያ አራቱ ምልክት ነበራቸው። ይህ ማለት ከመቶ አርባ ነው። ምልክት ያደረጉባቸው ዓሦች መቶ ናቸው። መቶዎቹ ከጠቅላላው አርባ በመቶ ከሆኑ፣ ጠቅላላው ሁለት መቶ ሃምሳ ነው። ዓሣው ብዙ ቢሆን ኖሮ መቶዎቹ በመካከሉ ይጠፉ ነበር፤ ከስልሳው ውስጥ ሦስት ወይ አራት ብቻ ነበር የሚያገኙት። እርስዎ የምሥራች ያሉት ለእኔ መርዶ ነው።

አንድ ሺህ አምስት መቶ ጫጩት ገብቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ተራብቷል። ዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ። በበሽታ ቢያልቁ ውሃው ላይ ተንሳፍፈው ይታዩ ነበር፤ እርስዎም በጻፉልኝ ነበር። ወፍ ይህን ያህል አይበላም። እንግዲህ የሚቀረው አራተኛው በር ነው። የአራተኛው በር ቁልፍ ደግሞ በእርስዎ እጅ ነው ያለው። ስለ ባልዲው ስጠይቅዎ መልስ የለኝም አሉኝ። እኔም ከእንግዲህ አልጠይቅዎም።

ጋሼ፣ ምንም ቢሆን ክፉ ነገር አልናገርዎትም። ቸግሮዎት ከሆነ ቢጽፉልኝ ኖሮ እኔ ነበርኩ የምደርስልዎት። እናቴ ያለችው ዓሣ እስካለበት ድረስ ነው። እያለቀ ያለ ነገር አለ አይባልም። ሜትር የያዙትን ሰዎች እኔ አላክኋቸውም፤ ዛሬ ግን የሽያጩን ውክልና ፈርሜ እዚያው አገር ቤት ላለ ጠበቃ ልኬአለሁ። ከየካቲት በፊት የሚያርፉበት ክፍል እንዲፈልግልዎ ነግሬዋለሁ። ሜዳ ላይ አልጥልዎትም።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 10

ለቆጣሪዋ፣

ሰላም ለአንቺም ይሁን። በሰው ልጅ ላይ ቂም ይዞ መጻፍ ስለማልወድ ነው ሰላም ያልኩሽ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት የኔ ነገር ነው። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። በአውቶብሴ ስንት ሰው ረስቶት የወረደውን ዕቃ፣ ስንት ቦርሳ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም የሙሽራ ወርቅ፣ ባለቤቱን ፈልጌ መልሼአለሁ። ዛሬ የእህቴ ልጅ የዓሣ ሌባ አደረገችኝ። ደብዳቤሽን ልብስ ሰፊዋ ናት ያነበበችልኝ፤ መነጽሬ ተሰብሮ። በእሷ ፊት ነው የተሰደብኩት። አንብባ ስትጨርስ ወደ መርፌዋ ተመለሰች። ያ ከስድቡ ባሰብኝ።

ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርሽ። ፍርፋሪ ነው። ክንፋቸውን ቀንጥቤ የጨረስኩ ለት ሌሊቱን ሳስባቸው አደርኩ። ዳቦ ጋጋሪው ማለዳ የሚጥለውን የተቃጠለ ዳቦ ለመንኩት፣ «ለምን?» ሲለኝ «ለውሻ» አልኩት። በባልዲ ወስጄ፣ ውሃ አርሼ፣ ያቺ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እበትንላቸዋለሁ። ካሣ ነው በይው። በሁለት ሳምንት ከእጄ መብላት ለመዱ። እግሬን ድንጋዩ ላይ ሳሳርፍ ይሰበሰባሉ። ሌሎቹም ይመጣሉ፣ አላባርራቸውም፤ ግን ክንፈ ቁራጮቹ ይቀድማሉ፣ የደንበኛ ልማድ ነው። ባልዲውን የምሸፍነው «ያ ሁሉ ሰው ሲያሳፍር የነበረ ሹፌር ዛሬ ፍርፋሪ ይለምናል» እንዳይሉኝ ነው። የሚያንጠባጥበው እዚያው አጥቤው ስለምመለስ ነው። ይኸው ነው ወንጀሌ። ስትጠይቂኝ ለምን አልነገሩኝም ትይኛለሽ። ስለጠየቅሽኝ አይደለም ዝም ያልኩት፤ እንደዚያ አድርገሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ስልሳውን የት እንዳወጣሁ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? እዚያው ነው፣ ድንጋይዋ ጋ። «በሚቀልዎት በኩል» ያልሽውስ ማን ነበር? አሁን የሹፌር ሂሳብ ልንገርሽ። አውቶብስ በሩ ጋ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ሰው ከመቀመጫ ይልቅ በር ይወዳል። በሩ ላይ ቆሞ ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ የቆጠረ ተቆጣጣሪ ወይ ትርፍ ጭነሃል ብሎ ይከሰኛል፣ ወይ ኋላ ያሉትን ሳያይ ባዶ ነህ ብሎ ያልፈኛል። ወደ ኋላ ገብቶ ያየ ብቻ ነው እውነቱን የሚያውቀው። አንቺ ከሁለት ባሕር ማዶ ሆነሽ በሩን ብቻ ነው ያየሽው።

ደግሞ ብዙ መምጣታቸው ክፉ ምልክት መሆኑን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ ያን ቀን «እነዚህ እኮ የለመዱኝ ናቸው» እልሽ ነበር። ሂሳቡን ደበቅሽብኝ። ለምን እንደደበቅሽው አውቃለሁ። ቁጥሩን እንዳላጭበረብር ነው።

ማረፊያ አትፈልጊልኝ። ራሴ እፈልጋለሁ።

ሹፌሩ


የካቲት 2

ጋሼ፣ ጋሽዬ፣

ሰላምታ እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። ደብዳቤዎ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ከሥራ ቀርቼ ነው የምጽፍልዎ። ይህ ወረቀት ከእግር ይፍጠን፣ ሌላ ምርቃት ዛሬ የለኝም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የእርስዎ ሐሳብ ሁሉ ልክ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ እኔ ነኝ በየዓመቱ ለአዲሶቹ ሠራተኞች የማነበው። መጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ ምልክት ያለውም የሌለውም መረብ ውስጥ የመግባት ዕድሉ እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከሌላው ይልቅ መረቡን የሚፈራ ወይም የሚለምድ ከሆነ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። በየዓመቱ አነበዋለሁ። ለእርስዎ አልጻፍኩትም። ሂሳቡን ለምን እንደደበቅኩም ደርሰውበታል። እንዳያጭበረብሩኝ ብዬ ነው። ጥርጣሬው ከመስከረም ጀምሮ ልቤ ውስጥ ነበር። የአምራቹ ደብዳቤ ነው የዘራው፣ እኔ ነኝ ያጠጣሁት። ስለ ባልዲው የጻፈልኝም እሱ ነው። ኩሬውን የሚፈልግ ሰው ምስክርነት ተቀብዬ የእናቴን ወንድም ከሰስኩ።

ሁለት መቶ ሃምሳ ያልኩት ውሸት ነው። ስንት እንዳለ አላውቅም። ብዙ እንደሆነ ግን አሁን አምናለሁ፣ ቁጥር ሳይኖረኝ።

ለጠበቃው ደውያለሁ። «ወረቀቱ ከእጄ ወጥቷል» አለኝ። ለአምራቹ ደውዬ ለመንኩት፣ «አስብበታለሁ» ብሎ ዘጋው። ነገም እደውላለሁ። ክፍሉን እንዳይለቁ። ማንም ቢመጣ «ባለቤቷ አልፈቀደችም፣ ደብዳቤዋ ይኸው» ብለው ይህን ያሳዩት። ይቅርታ ማለት ቀላል ነው፣ ግን ሌላ ቃል አላገኘሁም። ይቅር ይበሉኝ።

ሚጢጢ


የካቲት 27

ለሚጢጢ፣

ጤናሽ ይጠበቅ፣ ልብሽም ይረፍ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ፓምፑ ሥራውን ጨርሶ በሄደ በዐሥረኛው ቀን ነው። አትሩጪ፣ የምትደርሺበት ነገር የለም። አንድ በአንድ ልንገርሽ፣ ካልነገርኩሽ ደግሞ ከሰው ትሰሚዋለሽ።

በየካቲት ዐሥራ ሁለት ማለዳ አምራቹ ከስድስት ሠራተኞችና ከትልቅ ፓምፕ ጋር መጣ። ወረቀቱን አሳየኝ። ፊርማሽ ነበር። አልተጣላሁም። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት። «ውሃው ሲያልቅ ዓሦቹን ቆጥሬ ላውጣ» አልኩት። ሳቀ። «ምን የሚቆጠር አለና አባት?» አለኝ፣ ግን እሺ አለ።

ፓምፑ ሁለት ቀን ሠራ። ውሃው ሲጎድል ዓሦቹ ሁሉ ወደ ጥልቁ፣ ወደ መሐል ሸሹ። ክንፈ ቁራጮቹ ግን ወደ ድንጋይዋ መጡ። ፓምፑ አጠገባቸው እየጮኸ እዚያው ቆመው ጠበቁኝ። መጀመሪያ ሠራተኞቹ ሳቁ። ኋላ አንዱም አልሳቀም።

በሁለተኛው ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሳፋና በርሚል ይዞ ወረደ። እኔ ጭቃው ውስጥ ወንበር አስቀምጬ እየያዝኩ እጥላለሁ፣ ልብስ ሰፊዋ በየዐሥሩ የዘበኛ ክፍሌ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ታሰምራለች። ጠመኔዋ አልቆ ሌላ አስመጣች። ስንት እንደሆነ ልንገርሽ? አንድ ሺህ ሰባት መቶ አርባ ሁለት። ከእነሱ ዘጠና ሦስቱ ክንፈ ቁራጭ። ሰባቱን ወፍ በልቷቸው ይሆናል። ይህ ያለ ሂሳብ ነው፣ በእጅ የተቆጠረ፣ ሁለት ሰው ቆሞበት። አምራቹ ግድግዳውን ዞር ብሎ አይቶ ወደ ቢሮው ገባ፣ እስከ ማታም አልወጣም። የጻፈልሽ «ውሃና እንቁራሪት» ነበር አይደል? እንቁራሪቶቹ አሥራ ሦስት ነበሩ። እነሱንም ቆጠርኳቸው።

ዓሣውን ለሰፈሩ አደልን። ዘጠና ሦስቱን ግን ማን ጨክኖ ይብላ? በዳቦ ጋጋሪው ጋሪ ሁለት በርሚል ውሃ ውስጥ አድርገን ከድልድዩ በታች ወንዙ ውስጥ ለቀቅናቸው። ጋጋሪው አሁን ፍርፋሪው ለማን እንደነበረ ያውቃል፤ በርሚሉን እስከ ወንዙ ድረስ በየደረጃው ያዘልኝ። አስቤ የነበረው ውሃ ሲያዩ ይበተናሉ ብዬ ነው። አልሄዱም። እጄን እየተጠባበቁ ዳር ላይ ቆሙ። ዳር ላይ ደግሞ መረብ የያዙ ሰዎች ነበሩ። አጨበጨብኩ፣ አልሄዱም። ጠጠር እያነሳሁ ወረወርኩባቸው። አንዷን ሳልመታት አልቀረሁም። ቀስ ብለው ሄዱ። ያን ቀን አለቀስኩ፣ ሚጢጢ። እናትሽ ስታርፍ ሰው ፊት ነበርኩና አላለቀስኩም፤ የእሷንም አብሬ አለቀስኩ።

አምራቹ ክፍሉን እስከ ሚያዝያ ያዝ ብሎኝ ነበር፣ እምቢ አልኩት። ከልብስ ሰፊዋ ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ገብቻለሁ። የአውቶብሴን መሪ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ተሸክማ አመጣችልኝ። ጥሩ ናት፣ ማሽኗ ግን ያንቺን ክፍል ያህል ያንቀጠቅጣል።

ይቅርታሽ ደርሶኛል። ይቅር ብዬሻለሁ፣ የእህቴ ልጅ ነሽ፣ ምን አደርግሻለሁ። ግን አንድ ነገር ለምኜሻለሁ። እዚያ መሥሪያ ቤትሽ የኩሬያችን ደብተር ካለ ክፈቺውና አስተካክለሽ ጻፊው። ሁለት መቶ ሃምሳ የሚለውን ሰርዢ። በሁለተኛው በር፣ በሞት፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ። በአራተኛው በር ዘጠና ሦስት ዓሣና አንድ ሹፌር።

አጎትሽ